የመጋዝ ጥርስ

በጁቤይል ሌሊት፣ ከስምንት ሰዓት ኋላ፣
ባሕሩ ይተናል እንደ ንፍሮ ባቄላ።
በሩን የከፈተ መነጽሩ ይታወራል፤
ውስጡ ግን ብርድ ነው፣ ጃኬት ያስደርባል።
ከብርዱም መካከል፣ ከብረት ቀለበት፣
ከፀሐይ ሆድ ይልቅ የሚፋጅ እሳት አለበት፤
ግድግዳ ሳይነካ፣ ወለል ሳይረግጥ፣
ተንሳፎ የሚዞር በባዶነት ውስጥ።

ምን ያዘው ብትሉኝ፣ ክር ነው የያዘው፣
ለዓይን የማይታይ፣ ማግኔት የፈተለው፣
በወርዱ በቁመቱ ዞሮ እየዞረ፣
ቀሰም ላይ እንዳለ ማግ የተደወረ።
ክሩ ካልተበጠሰ ሙቀቱ አይወጣም፤
(ይህን የጻፈ ሰው ሌሊት ፈረቃ አልገባም።)

እኔ ይመር ነኝ፤ ሥራዬ ፉጨት መስማት።
ኤሌክትሮን ክሩን ሲዞር ያፏጫል በቅጥነት፤
ቅጥነቱ ቦታውን፣ ጉልበቱ ግለቱን
ነግሮኝ እጽፋለሁ የማልነካውን።
ቢጁ ነው ተኳሹ፣ የማይክሮዌቭ ጌታ።
"ምሳ የሚያሞቀው ነው?" ብላኝ ነበር ማታ
እህቴ ዘሀራ፣ በስልክ፣ ከመርሳ።
አዎን፣ የዚያው ዘር ነው፤ የአንድ ሺህ ቤት ምሳ
ባንድ ቱቦ ታጭቆ፣ በመስታወት ታጥፎ፣
ወደ ቀለበቱ የሚገባ አልፎ።

ስክሪኔ ላይ መስመሩ ይወጣል፣ ይወጣል፣
አፋፍ ላይ ሲደርስ ዘጭ ብሎ ይወርዳል፤
ደግሞ ይነሣል፤ ደግሞ እንዲያው ይሆናል።
"የመጋዝ ጥርስ" ይሉታል፤ ማንን እንደሚቆርጥ ማን ያውቃል።

ጃሲም "ጨምር" አለ፤ ቢጁ ጨመረበት፣
ሦስት መቶ የነበረው አምስት መቶ ኪሎዋት።
ቁጥሬ ትንሽ ሽቅብ፤ ከዚያ ወዲያ እምቢ።
"ጨምር።" እምቢ።
"አሁንም ጨምር።" እንደ ግትር በቅሎ፣ እምቢ።
ዳገቱ ከልኩ በላይ ቀጥ ሲል
አዙሪት ይፈላል ከሥሩ፣ እልፍ አእላፍ፣
ከጤፍ ፍሬ ያነሱ፣
የሰጠኸውን ያህል በእፍኝ በእፍኝ ወደ ዳር የሚያፈሱ።

ይህን ሕግ ከዚህ በፊት አውቀው ነበር እኔ፣
ከሐዋላ ቤት ደጅ፣ ከደመወዝ ቀኔ።
ሺህ ሪያል ብልክ፣ የሺህ ሪያል ኑሮ፤
ሁለት ሺህ ብልክም፣ ያው የሺህ ሪያል ኑሮ፤
የአጎት ልጅ ሠርግ፣ የተበሳ ቆርቆሮ፣
የቅሬ፣ የሐኪም፣ የጎረቤት ዕዳ፤
ሌባ የለበትም፤ ማንም ማንን አልጎዳ፤
አዙሪት ነው እንጂ።
ደግሞስ፣ ካነሣነው አይቀር፣ ዳር የነበረ ሰው
በዚያ በሚፈሰው
ሞቆታል።

ሃያ ሰባተኛው ተኩስ።
ሦስት ሰከንድ ነው ተኩስ፤ ለማስነጠስ አይበቃ፤
የምናውቀው ሁሉ የሚገባን ካለቀ ነው፣
እንደ ሞተ ሰው ጠባይ።
ወለሉ ድው አለ። አምፖሉ ቦግ፣ እልም።
ቢጁ በማላያላም አንድ ቃል ተናገረ፤ ትርጉም አልጠየቅንም።
ቅጂውን ዘርግቼ ወደ ኋላ ሳነብ
ዳገቱ ወገብ ላይ ጠፍጣፋ መስክ አለ፤
ክር ተበጥሶ፣ ከባዕድ ክር ተቋጥሮ፣
ደሴት ሠርቷል።
ደሴቷ አደገች። መዞሯን አቆመች።
ከዚያ ወዲህ ያለው መስመር ባዶ ነው።

"ልጨምር?" አለ ቢጁ።
ጃሲም ሻዩን ሳይቀምሰው አስቀመጠ፤
"አትጨምር። መስታወቱን ሁለት ዲግሪ አዙር፤
እሷ ላይ አብራ፤ ሌላውን ተወው።"

ሃያ ስምንተኛው።
ጨረሩ ደሴቷን ወገቧ ላይ አገኛት፤
እንደ ቁስል ጠገገች፤
ጨርሳ አልዳነችም፣ ቀጠነች እንጂ።
መስመሩም ዳገቱን እንደገና ጀመረ፤
ይወጣል፣ ይወጣል፣ ዘጭ፤ ይወጣል፣ ዘጭ።
"ጥርሱን አሳየን" አልኩ በአማርኛ።
ማንም አልገባውም፤
የሁሉም ጥርስ ግን ታየ።

ፈጅር ሲጠራ ወጣሁ፤ መነጽሬ ታወረ።
በዳበሳ ስልኬን አውጥቼ
"የዚህ ወር ይኸው፣ አልጨመርኩም" አልኳት ለዘሀራ፤
"ለማንም ሳትነግሪ የስፌት መኪናውን ግዢ።"
ክሩ ይያዝ አይያዝ
ከተኩሱ በኋላ ይታያል።